የተራቡት ገንዳዎች

እናቴ የሞተችበት ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ እኔ ደብረ ታቦር ላይ ስድስት ገንዳ አረንጓዴ ውሃ እጠብቅ ነበር።

ቀብሯ ላይ አልደረስኩም። ያኔ መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ተከፈተ ሲባል ደግሞ አርባዋም አልፎ ነበር። ከደብረ ታቦር ድሬዳዋ መሄድ ማለት፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ መኪናውም ሳይበላሽ፣ ሦስት ቀን ነው። ሳይሆን ሲቀር ስንት ቀን እንደሆነ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። ለእህቴ በስልክ «ለሙት ዓመቷ እመጣለሁ፤ በእመቤቴ እምልልሻለሁ» አልኳት። እህቴ መሐላ አትወድም።

«አቦ አትማዪ» አለችኝ። «ብቻ ነይ።»

በእኔና በእናቴ መቃብር መካከል የቀረው የመጨረሻው ሙከራዬ ብቻ ነበር። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ሁለት ጊዜ ተራዝሞልኛል፤ የመጨረሻው ማራዘሚያ ሰኔ ላይ ያበቃል። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ከጉና በኩል የሚመጣው ደመና ፀሐይዋን ይዟት ይቀመጣል፣ እስከ መስከረምም አይለቃትም። ፀሐይ ከሌለች ሙከራ የለም። ስለዚህ ስሌቴ ቀላል ነበር፦ ከፋሲካ በፊት የጀመርኩትን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እጨርሳለሁ፣ ውጤቱን አስረክባለሁ፣ አገሬ እገባለሁ።

የማጠናው ደቂቅ አልጌ ነው። አንዷን ነጥለው በዐይን የማያዩዋት፣ ብዙ ሆና ስትሰበሰብ ግን ውሃውን የምታረነጉድ ፍጥረት ናት። በሆዷ ቅባት ትይዛለች። ያ ቅባት ተጨምቆና ተለውጦ በናፍጣ ፈንታ መኪና የሚያንቀሳቅስ ባዮዲዝል ይወጣዋል። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ እንዴት ብናኖራት ነው ብዙ ቅባት የምትሰጠን? በስንት ብርሃን፣ በስንት ሙቀት፣ በምን ያህል ምግብ?

በጽዋ ማኅበራችን ያሉ ሴቶች ሥራዬን ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር። አንዷ፣ ጠላ የምትቀዳው፣ ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥላ ቆመችና፣

«እንግዲያ መኪናውም የጾም ዘይት ሊበላ ነው በይኛ» አለች።

«ይብላ እንጂ» አለች ሌላዋ፣ «ሹፌሩ አልጾም ካለ መኪናው ይጹምለት።»

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ስሜ «ባለ መኪናዋ» ሆኖ ቀረ።

አልጌዋን ያመጣናት ከዋንዛዬ ነው። ከቤተ ሙከራው ባለሙያ ጋር ሄደን፣ ሰው ከሚታጠብበት ፍልውሃ በታች፣ ውሃው እየበረደ በሚወርድበት ጅረት ውስጥ ካሉት ድንጋዮች ላይ በጥርስ ብሩሽ ፍቀን በጠርሙስ ሞላን። ባለሙያዋ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ አዲስ ዘመን፣ ጣራ ገዳምን ተጠግተው ይኖራሉ። ስንፍቅ ያዩን አንዲት ባልቴት በፎጣ እንደተጠቀለሉ መጥተው አጠገባችን ቆሙ።

«ምነው ልጆቼ፣ ጸበሉ እያለላችሁ የሰው እድፍ ትጭናላችሁ?»

ባለሙያዋ ቶሎ ብላ «እናታችን፣ ይኸም መድኃኒት ነው» አለቻቸው። ለምን ዋሸሽ ብላት፣ «ከማስረዳት ይቀላል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስረዳ ደክሜያለሁ።

ከሞቀ ውሃ የመጣች ፍጥረት ደብረ ታቦር ስትገባ ምን እንደሚሰማት እኔ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ዝም ብላ ተቀመጠች። አልሞተችም፣ አልበዛችም። ጠዋት ጠዋት የገንዳው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። የላስቲክ ቤት ሠራንላት፤ ገንዳዎቹን በጥቁር ላስቲክ ጠቀለልናቸው፤ የቀኑን ሙቀት ይዘው እንዲያድሩ። ያኔ መብዛት ጀመረች። ደስ ብሎን ሳናበቃ ደግሞ በዝታ የነበረችው ነጣች። የዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ለእሷ በዝቶባት ነበር። ለማደግ የምትፈልገው ብርሃን ሲበዛ ያቃጥላታል። ከገበያ ነጭ ሻሽ ገዝቼ ሰፋሁና ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማጥላት ጀመርኩ። እንዲህ አንዱን ስንይዝ አንዱ ሲያመልጥ፣ ሙቀቱን ስናገኝ ብርሃኑ፣ ብርሃኑን ስናገኝ አየሩ፣ ዓመቱ ዓመትን ወለደ።

በመጨረሻ የቀረው ምግቡ ነበር፤ ትልቁም ነገር እሱ ነው። አልጌዋን ናይትሮጅን ስታጠግቢያት ትበዛለች እንጂ አትሰባም። አረንጓዴ ሆና ገንዳውን ትሞላዋለች፤ ደርቃ ስትጨመቅ ግን ቅባቷ ጥቂት ነው። ናይትሮጅኑን ስትከለክያት መራባቷን ትተዋለች፣ ትገረጣለች፣ ያገኘችውን ብርሃን ሁሉ ወደ ቅባት ለውጣ ለክፉ ቀን ታስቀምጣለች። እንግዲህ መጠኑን ማግኘት ነው፤ መቼ ማጥገብ፣ መቼ መከልከል፣ ለስንት ቀን። ስድስቱንም ገንዳ እኩል አጥግቤ አሳደግኩ። ከዚያ ሦስቱን እንደጠገቡ ተውኳቸው፣ ሦስቱን ወደ ባዶ ውሃ አዛወርኩ። ሦስት መሆናቸው ግድ ነው፤ በአንድ ገንዳ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላልና።

የላስቲክ ቤቱን የሚጠብቁልን አንድ አዛውንት ነበሩ። አገራቸው ከገሳይ ወዲህ ነው፤ ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ጉልበታቸው ሲደክም እርሻውን ለልጆቻቸው ትተው ጥበቃ ገቡ። ዳዊታቸውን በመሀረብ ቋጥረው ይይዛሉ፣ በየገንዳው መሀል እየተዘዋወሩ ይደግማሉ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በድሬዳዋ ልማዴ «እንዴት አደርክ?» ብያቸው በበሩ የነበረ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ተዉአት» አሉ። «ጎልማሳ አድርጋኝ አደረች፤ ምን ከፋኝ?»

ከዚያ ወዲህ አንቱ ማለት ተማርኩ። እኔ «አባቴ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል።

ሦስቱን ገንዳዎች ናይትሮጅን በከለከልኩ በአራተኛው ቀን፣ ሰሙነ ሕማማት ላይ፣ አዛውንቱ በሦስተኛው ገንዳ ላይ አጎንብሰው አገኘኋቸው።

«ይቺ ገርጥታለች» አሉኝ።

«አዎ አባቴ። እንድትገረጣ ነው።»

«እንዴት እንድትገረጣ?»

«ማዳበሪያ ከልክያት ነው። ስትራብ ቅባት ታጠራቅማለች።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ተርባ ትሰባለች?»

«እንደሱ ነው።»

«እኔ ይኸን ያህል ዘመን ስኖር ተርቦ የሰባ አላየሁ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገብስ እንዲህ ሲሆን ዩሪያ አምጡ ነው የሚለው። ያዘነለት ያገኝለታል፤ ያጣ ዐይኑ እያየ ያልፍበታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዘንድሮውን ዩሪያ እንዴት እንዳገኘነው አንቺ አታውቂ» አሉ።

ነገር ያበላሸውን ቃል የተናገርኩት ያን ጊዜ ነው። ሰውነቴ በጾሙ ዝሏል፤ ማስረዳቱም ታክቶኛል። «አባቴ፣ እኛም ጾም ላይ አይደለን? እሷም ትጹም» አልኳቸው። ሳቁ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ ስቅለት ነው። ባለሙያዋ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳለች። እኔ ሰግጄ፣ እስከ ትንሣኤ አክፍዬ፣ እሑድን አርፌ ሰኞ ልመለስ ነው። ለገንዳዎቹ ትእዛዜን ለአዛውንቱ ሰጠሁ፤ ቅዳሜ ቀን ተረኛ እሳቸው ነበሩ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላም ይመለሳሉ። በጥቁር እስክሪብቶ ያሰመርኩትን መስመር አሳየኋቸው።

«ውሃው ከዚህ ከጎደለ ከዚያ በርሜል ሙሉልኝ። ጠዋትና ማታ በዚህ እንጨት አማስሉልኝ፤ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሻሹ እስክመለስ እንደተጣለ ይቆይ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ምንም አይጨምሩ» አላልኩም። ጠርሙሱን ሁሉ ምልክት የምለጥፍበት፣ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ የማይ ሰው፣ ይህን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ማን ገንዳ ላይ ይጨምራል ብዬ።

ሰኞ፣ ማዕዶት ዕለት፣ ጉልበቴ ከስግደቱ ገና ሳይላቀቅ ላስቲክ ቤቱ ገባሁ። የመጀመሪያው የተራበ ገንዳ ወደ ቢጫ አድልቷል። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው አረንጓዴ ነበር። ዐይኔ መስሎኝ ሻሹን ገለጥኩ። አረንጓዴ ነው። ከጠገቡት የተገለበጠ መሰለኝ፤ ባዕድ ነገር የገባበት መሰለኝ። ጠብታ ወስጄ በማይክሮስኮፕ ሳይ ግን የራሴው አልጌ ናት፣ ያውም እየተከፈለች፣ እየተባዛች። ባለፈው ሐሙስ በየሆዷ እንደ ትንንሽ ዶቃ ያየሁት የቅባት ጠብታ ሟሙቷል። ያጠራቀመችውን በልታ ልጅ እየወለደች ነው። እንዲህ የምታደርገው ምግብ ስታገኝ ብቻ ነው።

አዛውንቱ ፊታቸው በርቶ ከደጅ ገቡ።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ! አየሻት? ነፍስ ዘራች እኮ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። አባቴ፣ ምን ሆና ነው?»

«ምን ትሆን፣ ፈሰከች እንጂ!» አሉ። «ትናንት ከቤት ስመለስ ከድንቹ የተረፈች አንዲት ጭብጥ ዩሪያ ነበረችኝ፤ በላስቲክ ቋጥሬ አመጣኋት። በፋሲካ እኮ ከብቱ እንኳ ጨው ይልሳል። በቤት ያለ ፍጥረት ሁሉ ፈስኮ አንዷ ጦሟን ትደር? ለሦስቱም አይዳረስም፤ ለባሰባት ሰጠኋት።»

ከራሳቸው ማሳ ቀንሰው ነው። ዩሪያ ለማግኘት ስንት ቀን እንደተሰለፉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አጠገቤ ቆመው ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው ያዩኛል።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

«አሜን። የገሳይን ገብስ ነው እኮ የምትመስል» አሉና እየሳቁ ወደ በሩ ሄዱ። እኔ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ተቀመጥኩ። ዩሪያ ማለት የከለከልኳት ናይትሮጅን ነው፤ ሦስተኛው ገንዳ ከሙከራው ወጣ።

ባለሙያዋ ማክሰኞ ስትመለስ ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ተወች።

«ስሚ እቴ፣ ምን ቸገረሽ? ሁለቱ ገንዳ ተቀራራቢ ነው የሚሰጥሽ። የሁለቱን መሀል ውሰጂና የሦስተኛው ብለሽ ጻፊ። ማን ገንዳሽን ሊቀምስ ይመጣል?»

«አይሆንም።»

«ለእናትሽ ነው እኮ!»

«ለእሷ ስለሆነ ነው የማይሆነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ጽድቁም ይመጠን» አለችና የእጅ ጓንቷን አጥልቃ ሥራዋን ጀመረች። ቅያሜ አልነበረም፤ ስለ እኔ ደክሟት ነው።

አልተፈተንኩም ብል እዋሻለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ከፍቼ፣ ሦስተኛው የሚል ባዶ መስመር ፊት ለፊት ብዙ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ ምን ሊሆን እንደሚችል በልቤ አውቀዋለሁ። ሁለት አሃዝ ነው፤ መሀሉ ነጥብ። ሁለት አሃዝ ጽፌ በሳምንቱ መናኸሪያ እገኛለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግን ልጅ ሆነን የሻይ ቅጠል ስትልከን ባለሱቁ አብዝቶ ከሰጠን መልሱ ብላ ትልከን ነበር። ይህን ለጽድቋ አልጽፈውም፤ እንደዚያ ነበረች፣ ለእኛም አንዳንዴ ያሰለቸን ነበር። እስክሪብቶዬን ከደንኩት።

ስድስቱንም ገንዳ ግን እንደ ደንቡ አጨድኩ። በጨርቅ አጠለልኩ፣ አደረቅኩ፣ ወቀጥኩ፣ ቅባቱን በሚያሟሟ ፈሳሽ አወጣሁ። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ምን ያህል ትንሽ ነገር ለማግኘት እንደሚለፋ አይገምትም። ከአንድ ገንዳ የሚወጣው ቅባት የሕፃን ራስ አይቀባም። ሁለቱ የተራቡት ገንዳዎች ዱቄታቸው ጥቂት፣ ከዱቄቱ ውስጥ ግን ቅባቱ ብዙ ሆነ። የጠገቡት ዱቄታቸው ብዙ፣ ቅባቱ ግን ትንሽ። አዛውንቱ ያስፈሰኩት ሦስተኛው በመሀል ዋለ፤ የቅባቱ ድርሻ ወርዷል፣ ዱቄቱ ግን ስለበዛ በድምሩ ከተራቡት ብዙም አልራቀም። ነገሩ እንዲህ መሆኑ አይገርምም። ለነዳጅ የሚፈለገው በአንዷ ሆድ ያለው ሳይሆን ከገንዳው በሙሉ የሚወጣው ነው፤ መራብም ሲበዛ ኪሳራ ነው። ሆኖም ይህ አንድ ገንዳ ነው። ዩሪያው ስንት እንደሆነ አልተመዘነም፤ በየትኛው ሰዓት እንደገባም ቁርጡ አይታወቅም።

መዝገቡን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሄድኩ። አጭር፣ ቁጥብ ሰው ነው፤ በመነጽሩ ላይ ያያል።

«ሦስተኛው ምን ሆነ?»

«ናይትሮጅን ገብቶበታል።»

«ማን ጨመረው?»

አዛውንቱ ዐይናቸው እየበራ በሐሳቤ መጡብኝ። የጥበቃ ውላቸው በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፤ አንድ ቃል ይበቃል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ትእዛዜን አሟልቼ ሳልሰጥ ነው የሄድኩት።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም። በመነጽሩ ላይ አየኝ፤ የገባው ይመስለኛል።

«በሁለቱ ልጻፈው?» ስል ጠየቅኩ። «በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ይጸናል ተብሎ የለ።»

«መጽሐፍ ቅዱስ በሁለትም ይረካል» አለ። «ፈታኞችሽ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ የበለጠ ይጠብቃሉ። ድገሚው። ሰማዩ ሳይዘጋ፣ አሁኑኑ።»

ቆጠርኩት። አሥር ቀን ማጥገብ፣ ስምንት ቀን መከልከል፣ ከዚያ ማጨድና ማድረቅ። በየቀኑ መለካት፣ ማማሰል፣ ማጥላት። የእናቴ ቀን ልክ መሀሉ ላይ፣ ገንዳዎቹ በሚራቡበት ሳምንት ዋለ። ብሄድ ሙከራው ይሞታል፤ ሰኔም አይጠብቀኝም። ሁለቱን መንገድ ደጋግሜ በእግሬ የሄድኩት ያህል ደከመኝ።

ለእህቴ ደወልኩ። ስጨርስ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ። የት እሄዳለሁ፤ እኔ ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ» አለች። «ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? እህቴ ውሃ እያማሰለች ነው ልበል?»

«እንደሱ በይ።»

«አቦ ተይኝ! እማዬን አስታምሜ፣ ቀብሬ፣ አርባዋን አውጥቼ... አንድ ቀን አጠገቤ ቁሚ ብዬ ለመንኩሽ። አንድ ቀን!»

ያለችው ሁሉ ልክ ነው። ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት።

በዚያው ሳምንት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሰበርኩትን መሐላ፣ ለአማካሪዬ የመለስኩትን መልስ፣ እህቴን። እሳቸው ራሳቸው ሕፃን አጥምቀው ተመልሰው ደክሟቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«በመጨረሻ መቼ ተኛሽ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ስለ መሐላው...»

«ስለ መሐላው ቀኖና እሰጥሻለሁ። ዛሬ ግን ሂጂና ተኚ።»

ሄጄ ተኛሁ። ያን ያህል የቀለለ ቀኖና ተቀብዬ አላውቅም።

ሁለተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው አልሆነልኝም። ገና በግንቦት አጋማሽ አንዳንድ ከሰዓት በኋላ ደመና ይጥል ጀመር፤ አልጌዋ ቀስ እያለች ነው የበዛችው። አዛውንቱ በየቀኑ ያዩኛል። አንድ ጠዋት አላስቻላቸውም።

«አገርሽ ትሄጃለሽ ስትይ አልነበር?»

«ሥራው አላለቀም አባቴ።»

«አልቆ ነበር እኮ። አጭደሽው ነበር።» ጢማቸውን ያዙ። «ያቺ ገንዳ ናት እንዴ?»

«ኧረ የለም። ደመናው ነው።»

ይኸኛው ውሸት ነበር፤ ጥርት ያለ ውሸት። እሳቸው ወደ ሰማይ አዩ። ያን ጠዋት ሰማዩ ላይ አንድ ደመና አልነበረም። ዳዊታቸውን ገልጠው ሄዱ።

የእናቴ ሙት ዓመት ዕለት ጠዋት፣ ገንዳዎቹ ከተከለከሉ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ቅዳሴ መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ካልለካሁ የቀኑ ቁጥር ይበላሻል። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እንጨቱን ይዤ ሳማስል ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት። «ሃሎ» አልኩ። አልመለሰችም። ስልኩን ወደ ላይ ይዛዋለች መሰለኝ፤ የካህናት ዜማ መጣ። ከዜማው ሥር ሰው ይራመዳል፣ ብረት ድስት ይጋጫል፣ አንዲት ሴት «ወንበሩን ወዲህ!» ትላለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩትና ማማሰሌን ቀጠልኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

አዛውንቱ ዜማውን ሰምተው ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ፍትሐት መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«የማን ነው ልጄ?»

«የእናቴ። ሙት ዓመቷ ነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ገንዳዎቹን አዩ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። መገርጣት ጀምረዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይጸልዩ ይቁጠሩ አላወቅኩም። ከዚያ መጥተው እንጨቱን ከእጄ ያዙ። እኔ አልለቀቅኩም። የደነገጥኩት እጄ እምቢ ሲል ነው፤ እኔ እሺ ብያለሁ።

«ስጪኝ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ሂጂ። ምንም አልጨምርባትም።»

እንደዚያ ሲሉኝ፣ ያስቀረኝ ዩሪያው መሆኑን ካወቁ መቆየታቸው ገባኝ። እጄ ለቀቀ። ስልኩ ውስጥ ያለው ዜማ በመሀል ተቋረጠ፤ መልሼ ብደውል መስመር የለም።

ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ዳገቱን ወጣሁ። ቅዳሴው ወጥቷል። አንድ ዲያቆን ብቻ ቅጥሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ የእናቴን የክርስትና ስም ነገርኩትና ለካህኑ እንዲያደርስልኝ ለመንኩት። በደጀ ሰላሙ ግንብ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት፤ ሻሹ ሳይጣል ቀረ ብዬ እየሮጥኩ ወረድኩ።

ሻሹ ተጥሏል፤ አራቱ ማዕዘን በድንጋይ ተይዟል። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አውልቀው ሦስተኛው ገንዳ ላይ ናቸው። ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል። ከሄድኩ ጀምሮ አላቋረጡም።

«አባቴ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል እኮ» አልኳቸው።

«የሚበቃውንማ አውቀዋለሁ» አሉኝ፤ ማማሰሉን ግን አላቆሙም።